መኪናዋን እንዳትጎትቷት

በእኛ አገር ላም የገዛ ሰው ከሻጩ የሚቀበለው ዋስ እግርና አፍ ያለው ሰው ነበር። ላሟ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ ጋቢውን ይዘው ሽማግሌ ፊት የሚያቆሙት። ሥልጣኔ መጣችና ዋሱን ወረቀት አደረገችው። ወረቀት ጋቢ የለው፣ በምኑ ይያዛል?

የእህቴ ባል አቶ ደመላሽ የቡሬን በርበሬ አዲስ አበባ እያስጫነ የከበረ፣ «ልማታዊ ባለሀብት» ተብሎ በየስብሰባው የተጨበጨበለት የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ነው። እህቴ የውብዳር ልቧን ትታመም ነበርና አውቶቡስ እንዳያንገላታት ብሎ፣ ያኔ አዲስ አበባ እንኳ ብርቅ የነበረች በኤሌክትሪክ የምትሄድ የቅንጦት መኪና ገዛላት። ለእሷ ነው የገዛኋት ያለው እንግዲህ እሱ ነው። ቤንዚን አትጠጣም፣ ዘይት አትለውጥም እያለ ፎከረብን። የምትጠጣው መብራት መሆኑን፣ መብራት ደግሞ እኛ ዘንድ ደስ ሲለው ብቻ ብቅ የሚል እንግዳ መሆኑን ማን ይንገረው? ለክፉ ቀን ይሆናል ብሎም ለሸጠለት ድርጅት በላዩ ከፍሎ ጋራንቲውን አስረዘመ።

ክፉው ቀን እሑድ ዋለ። ሦስታችን ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲያ የአጎታችንን ተዝካር በልተን እንመለሳለን። ዳገቱ ባትሪውን ጨርሶት፣ ፈረስ ቤትም መብራት ጠፍቶ ኖሮ፣ የተከበረችው መኪና ሌላ ተሽከርካሪ የማያልፍበት ጠጠር መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ፀሐዩ ሲከር እህቴን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

ያገሬው ገበሬ ተሰበሰበ። አያ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ ሁኔታዋን አይተው፣ ለነፍስ ሲሆን ሰንበትም ይፈቅዳል ብለው በሬዎቻቸውን አስጠመዱ። በሰንበት በሬ መጥመድ ለጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። መጫኛውን መኪናዋ ላይ ሊያስሩ ሲሉ ግን ደመላሽ ኔትወርክ ፍለጋ ከወጣበት ጉብታ እየሮጠ ወረደ። ድርጅቱ እንዳትጎተት ብሏል አለ። ጎማዋ እየተሽከረከረ ከተጎተተች ሞተሯ ይበላሻል፣ ጋራንቲውም ይፈርሳል። ከአዲስ አበባ ማንሻ መኪና እስኪመጣ እንጠብቅ አለና በሬዎቹ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እነሱ ሰንበትን ሲሽሩ እሱ ጋራንቲውን መሻር አቃተው።

አያ ይስማው በሬዎቹን አስፈቱና፣ «በሉ ጌታው፣ እርስዎ መኪናዎን ይጠብቁ። እኛ ሰዋችንን እንወስዳለን» አሉት። እንጨት ተቆርጦ ቃሬዛ ተበጀ። ደመላሽ ይከተለናል ብዬ ነበር። የገጠር ልጅ መስታወቷን ይሰብርብኛል ብሎ ቀረ። እህቴ ቃሬዛው ላይ ሆና ሁለት ሦስት ጊዜ አንገቷን አዞረች፤ ከዚያ ተወችው።

እየተፈራረቅን ተሸከምናት። ከነዚያ ገበሬዎች ስሟን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን አንዱም ደከመኝ አላለም። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈች። ትኩስ ሳለች ዐይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማንሻ መኪናው የመጣው በሳልስቷ ነው። የድርጅቱ ባለሙያ መኪናዋን መርምሮ ወደ ድንኳኑ መጣ። እንደ ሰው ወጉ እግዜር ያጥናዎ ብሎ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ ንፍሮም ቀምሶ፣ ወደ ደመላሽ ጠጋ አለ። ሰው ስላልጎተታት ሞተሯ ደኅና መሆኑን፣ መብራት ብቻ እንደሚበቃት፣ ጋራንቲውም እንደጸና አበሠረው።

ደመላሽ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋና፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ተመስገን!» አለ።