የፌቨን የጭንቅላት ፊልም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታው ራሱ የማይታይ ሲሆንስ? በእኛ ሰፈር፣ በሐዋሳ መናኸሪያ፣ ያለ ራጅ ፊልም መታመም ትልቅ ድፍረት ነው። የተሰበረ እግር ፊልም አለው፤ ሳንባም አለው። ጠያቂ ብርቱካን አንጠልጥሎ የሚመጣው እንዲህ ያለ ወግ ላለው በሽታ ነው። «ከፍቶኛል» ለሚል ሰው ማን ብርቱካን ይገዛል?

የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጄን ፌቨንን ግን ከፋት። ትምህርት ቀረች፣ ምግብ ተወች፣ አራት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉነሽ ጥጋብ ነው ብለው ፈረዱ። እውነቱን ልናገርና እኔ ከእሳቸው ቀድሜ ብዬዋለሁ፤ ያውም እየሰማች። እስካሁን ይቆጨኛል።

በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሲያዩዋት የልጄ ታላቅ እህት የምትመስል ወጣት ናት። አንድ ሰዓት ያህል አዋራቻትና ድባቴ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ ሞተር ሳይከፍት በወሬ ብቻ ብልሽት የሚናገር መካኒክ አላምንም። ጭንቅላቷ ፎቶ ይነሳልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ብርቱ ራስ ምታትም ስለነበረባት፣ ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ኤምአርአይ ታዘዘ።

የሰው ልጅ ጥበብ መቼም አያልቅም። ያ ጉድ እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ፣ አንዲት ፀጉር ሳይነካ የልጄን አንጎል እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ገልጦ አወጣው። ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ተመራማሪዎች ብዙ ወጣቶችን እንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የሚስቅና የሚያዝን ፊት ያሳዩአቸዋል፤ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚተጋ፣ የትኛው እንደሚዝል ያያሉ። እኛ ጥጋብ ያልነውን እነሱ ቁጭ ብለው ያጠኑታል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብቻ ከብዙዎቹ የሚማሩት ነው እንጂ የአንዲትን ልጅ ድባቴ ከአንድ ፊልም ማንበብ ገና አይቻልም አለች። የፌቨን ፊልም ንጹሕ ነው፤ ሕክምናው ግን ይቀጥላል።

ቤት ስንገባ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። የሰፈራችን ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ? በማግስቱ ጠያቂው ጎረፈ። እትዬ ሙሉነሽ ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ፊልሙን አነሱና፣ ዘቅዝቀው ወደ ብርሃን ይዘው ከንፈራቸውን መጠጡ። ይኸው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እኛ እኮ ጥጋብ መስሎን ነው አሉ። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው ይቅርታ ጠየቋት። እኔ ያቃተኝን እሳቸው አደረጉት፤ አፍሬ እኔም ተከተልኩ።

ፌቨን ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። የተዘቀዘቀውን ፊልም አየችና ሳቀች፤ አራት ወር የናፈቀኝን ሳቅ። አንድ ብርቱካንም ልጣ በላች።

ጠያቂው ሲወጣ፣ ነገ ለሁሉም እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት። እጄን ያዘችና ለመነችኝ፦

«አባዬ፣ እስክድን ድረስ ፊልሙ ንጹሕ ነው እንዳትላቸው።»