ጸባይዋ ነው የሚል ሹፌር

ከትክል ድንጋይ ስንመጣ፣ ቁልቁለቱ መሀል ማርሹ በራሱ ወጥቶ ማኪናዋ ስትንደረደር አደጋው ታየኝ። ከኋላ ልጄ ምጥ ይዟታል።

«አያ ደሴ፣ ምነው? ማኪናዋ ምን ሆነች?» አልኩት ሹፌሩን።

«ጸባይዋ ነው!»

የአሮጌ ናፍጣ ማኪና ሹፌር ገጥሟችሁ ያውቃል? ሚስቱን እንደ ማኪናው ቢታገሣት ገና ድሮ በጸደቀ። ስታጨስ ጸባይዋ ነው። ጠዋት አልነሳ ስትልም ጸባይዋ ነው፤ ለዚያ ሲል ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያሳድራታል።

ፍሬን ይዞ ሲያቆማት ሞተሩ ጠፋ። እንደ ልማዱ ቁልቁል ለቀቃት፤ ማርሹን ሲያስገባ ተነሳች።

«እቴ፣ ማርሹ እንዳይወጣ ዘንጉን ያዥልኝ!»

ላም ስትታለብ ጥጃ እንደምይዘው በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ሸጋ! ከረዳቴ ትሻያለሽ» አለኝ።

ጎንደር፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ዘንጉን ለቀቅሁት። ልጄን ተቀበሏት። በሰላም ደርሰናል።