ዘር ቆጣሪው ልብስ ሰፊ

ሁሉን አዋቂ የሌለው ከተማ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። የእኛ የከሚሴው ክቡር ጋሽ ሙሀመድአሚን ይባላሉ፤ ከመናኸሪያው ማዶ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የሄደ ሁሉ የአውስትራሊያን ዋና ከተማ ተምሮ ይመለሳል። ሱሪው ግን ለሳምንት ይቀጠራል።

«ሲድኒ አይደለም፣ ካንቤራ ነው! ይህን ሳታውቅ ነው ሱሪ የምትለብሰው?»

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ የሟች ልጅ «አባቴ በሰባ ዓመታቸው…» ብሎ ሲያለቅስ «ሰባ አራት!» ብለው አረሙት። እኔንም አልማሩኝም። ቦርከና ባሕር ይገባል ብዬ በጋዜጣ ብጽፍ፣ ጋዜጣውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ።

«ቦርከና አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ራሱ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። አንተ የት ወስደህ ደፋኸው?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዝ አልጻፍኩም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የሰው ዘር ማወቃቸው ነው። ከሰንበቴ እስከ ባቲ የማን አያት ከየት መጣ፣ ምን ሠርቶ በላ ቢባሉ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ልጅ የሚድር ሁሉ አስቀድሞ እሳቸውን ይጠይቃል።

ባለፈው ወር ልጄን ሰብሪናን ሙጂብ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው ጋሽ ሙሀመድአሚንን ሳይ ክው አልኩ። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን ከሟች እናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። «ከቀጥቃጭ ዘር አንጋባም» የሚል ሰው ዛሬም አለ፤ ሰብሪና ደግሞ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

የሙጂብ አጎት አብዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ የዚህ ሰው አያት ምን ነበሩ?»

ጋሽ ሙሀመድአሚን አንዴ እኔን፣ አንዴ የጓዳውን መጋረጃ አዩ።

«አላውቅም።»

መብረቅ ቢወድቅ እንዲያ አንደነግጥም ነበር።

«አከሚቲ! እንዴት ሆኖ! እርስዎ? እርስዎ አያውቁም?» አለ አብዶ።

«አላውቅም አልኩህ እኮ! ሁሉን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።»

«ሱብሃነላህ! ጋሼ አረጁ በቃ» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክቡርነታቸው አንገታቸውን ደፍተው ሳቁን ተቀበሉት። ሌላ የሚጠየቅ አልነበረምና ፋቲሃ ተደርጎ ልጄ ለሙጂብ ተሰጠች።

ጋሼ ቀድመው ሲወጡ ልሸኛቸው ተከተልኳቸው።

«ጋሼ… እውነት አያውቁም?»

ተቆጡ።

«አያትህ በቀጠቀጡት ማረሻ አባቴ ሃያ ክረምት አርሷል። እኔ ያደግኩት በእሱ ነው። በል ግባ፣ እንግዳ ጥለህ አትቁም!»

በማግሥቱ ከተማው ሁሉ «ጋሼ ዘነጉ» እያለ ሲስቅባቸው ዋለ። እሳቸው አንዱንም አላረሙም። እኔ ምስጋና መናገር አላውቅበትም፤ በርጩማ ስቤ ከማሽናቸው አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ።