የአቶ ይስማው የዓሣ ውሃ

ክቡር አቶ ይስማው ሊፈቱት የተነሱት ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ከዓሣ ገንዳቸው በየሳምንቱ የሚወጣው ጥቁር ውሃ በአጥሩ ሥር አልፎ የጎረቤታቸውን የአዴ ቦንቱን ጎመን ያበላሻል። መፍትሔው ግን ሦስት ወር ፈጅቶ እስካሁን አልተጠናቀቀም።

በየሰፈሩ ምንም ነገር የማያስጥል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር የባኬ ጃማ ድርሻ አቶ ይስማው ናቸው። «አትድፋው፤ ሥራ አለው» ይላሉ። የሩዝ እጣቢ ሥራ አለው፤ የሸንኮራ ልጣጭ ሥራ አለው። የተሰበረ ጃንጥላዬን ልጥል ስወጣ መንገድ ላይ ተቀበሉኝና ዛሬ ሽቦው ቲማቲም ደግፎ ቆሟል። በእኔ እጅ ሳለ ያን ያህል አላገለገለም።

እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ወጥቶ ያለ የሌለውን ገንዘብ በሲሚንቶ ገንዳ ላይ ሲያፈስ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያረባ አስቡት። የዓሣው ኩስና የተረፈው መኖ ከሥር ይዘቅጣል። ካልወጣ ዓሣው ይታፈናል፤ ከወጣ ደግሞ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ዝቃጩ ማዳበሪያ እንደሚሆን አቶ ይስማው ያውቃሉ። አጠቃቀሙን ግን ከላም ወሰዱ። እዚህ ወለጋ ገበሬው ከብቱን ማሳው ላይ አጥሮ ጥቂት ሌሊት ያሳድርና አጥሩን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ቁራሽ ያዛውራል፤ መሬቱ በየተራ እበት ይጠግባል። እሳቸውም የውሃ ጎማቸውን በየሳምንቱ እያዛወሩ ጓሯቸውን አጠገቡት። እበት ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የዓሣ ዝቃጭ ግን አፈሩን እንደ ምርጊት ደፈነው። ውሃው አልሰርግ ብሎ እንደ በፊቱ ወደ አዴ ቦንቱ ወረደ፤ አሁን ከነሽታው።

«ኦቦ ይስማው፣ ላም ብትሆን በዱላ እመልሳት ነበር። ይኼን በምን ልመልሰው?» አሉ አዴ ቦንቱ።

«አይመልሱት፤ ሥራ አለው።»

«ጎመኔም ሥራ ነበረው፤ ልጆቼን የሚያስተምረው እሱ ነው። ማሎ፣ እባክዎ፣ እስከ ሰኔ ካልቆመ ቀበሌ ሄጄ ገንዳውን አስደፍናለሁ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት፤ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ውሃውን በርሜል ውስጥ አሳደርነው፤ ዝቃጩ ከሥር ቀረ፣ ከላይ ያለው ጠራ። ዝቃጩን አድርቀን ከቡና ገለፈት ጋር ቀላቀልነው። አዴ ቦንቱ ቁልቁል የተደረደሩ ሦስት የጎመን መደቦች ሰጡን። የላይኛው የጠራውን ውሃ፣ መካከለኛው ድብልቁን አገኘ። የታችኛው ለማነጻጸሪያ ተራ የቧንቧ ውሃ ብቻ። በአምስተኛው ሳምንት የጎመኑን ቁመት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን።

ከሁሉም የበለጠው ተራ ውሃ ብቻ ያገኘው ሆነ።

ሦስታችንም ቆመን አየነው። ከላይኞቹ መደቦች ቁልቁል ሰርጎ ይሆን? አፈሩ ከድሮም የተሻለ ይሆን? ወይስ አንድ ሰው ደብቆ ፍግ ጨመረ?

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አዴ ቦንቱ።

አቶ ይስማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አልገባኝም» አሉ። በስድስት ዓመት ጉርብትና ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየውን ምን ያህል እንደምወዳቸውም ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሰኔ ገብቷል። አዴ ቦንቱ ቀበሌ አልሄዱም። «ሳይገባኝማ አላስደፍንም» አሉ። አሁን መደቦቹን ቦታ አቀያይረን እንደገና እየተከልን ነው፦ ተራው ውሃ ከላይ፣ የዓሣው ከታች። እኔ ገመድ እይዛለሁ። አቶ ይስማው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ውሃ እንዳይሰርግ ቦይ ይቆፍራሉ። አዴ ቦንቱ ችግኝ ታቅፈው ከበላያቸው ቆመዋል።

«ጠለቅ ያድርጉት እንጂ፣ ኦቦ ይስማው» ይላሉ። «ይኼኛው እንኳን ይግባን።»