የጋሽ አሥራት መዘውር እና ነፋሱ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ላባ ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ድንጋይ ማንም ይወረውራል። ላባ ግን ክንዳችሁ እስኪገነጠል ብትወረውሩት ከእግራችሁ ሥር ነው የሚወድቀው። ይህን የተማርኩት ጎጀብ ወንዝ ዳር ቆሜ ነው። ስማር ታዲያ አንድ ወዳጅ አጣሁበት።

ወዳጄ ጋሽ አሥራት ይባላሉ። ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። በዕድሜ ታላቅ ወንድሜ ይሆናሉ። በጠባያቸውም እንደዚያው ነበሩ፤ ሻዬን ይከፍላሉ፣ የጻፍኩትን ደብዳቤ ያርማሉ፣ ሸሚዜ ሲቆሽሽ ይቆጣሉ።

ከእኛ ጋር በውሃ ሥራ የቆየ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የአሳ ማጥመጃ ትቶልን ሄደ። ሰው ሲሰናበት ጃኬት ይሰጣል፣ ሰዓት ይሰጣል። ይኼ ዘንግ ሰጠን። በዘንጉ ላይ ክር የተጠመጠመባት ትንሽ ከበሮ አለች፤ እጀታዋን ሲያሽከረክሩት ክሩን ትሰበስባለች። እኛ መዘውር አልናት። ፈረንጁ እንዳለን ከሆነ በአገሩ ባስ የሚባል አሳ አለ፤ መዘውሮቹም የተሠሩት ለእሱ ነው። ጎጀብ ውስጥ ያለው ቢልጫና አምባዛ ነው። እነሱ ደግሞ መዘውሩ ለማን እንደተሠራ አይጠይቁም።

ጋሽ አሥራት በታላቅነታቸው ቀድመው መረጡ። ክቧን፣ የምታብረቀርቀውን፣ እጅ ላይ ከበድ የምትለውን አነሡ። ለእኔ ጥቁሯ ቀረች። ቀጭን ናት፤ ጎኗ ላይ በጥፍር የምትዞር ቁልፍ አለቻት። ፍሬኗ ናት። አይቼ ቅር አለኝ። ምን ይደረግ፣ ታላቅ ቀድሞ ይጎርሳል።

ፈረንጁ ትንንሽ የፕላስቲክ አሳዎችም ሰጥቶናል። የእስክሪብቶ ክዳን ቢያክሉ ነው። እውነተኛውን አሳ የሚያታልሉት እነሱ ናቸው። ጉዱ የመጣውም በእነሱ ነው። የጋሽ አሥራት ከበሮ ከባድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አያስነሣውም። አንዴ ከተነሣ ደግሞ አይቆምም። የፕላስቲኳ አሳ አየር ላይ ደክማ ስትዘገይ ከበሮው ገና ክር ይለቃል። የተለቀቀው ክር መሄጃ ስለሌለው ተመልሶ እዚያው ይተበተባል። ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት አይታችኋል? እሱን ነው። መድኃኒቱ አውራ ጣት ነው፤ ከበሮውን በስሱ ነካ አድርጎ በጊዜው ማብረድ። የእኔዋ ጥቁር ግን ከበሮዋም ቀላል፣ ፍሬኗም ታዛዥ ነበረች። ጣቴ ቢረሳ እንኳ እሷ አትረሳም።

አላዳላም፤ የክቧም ሙያ አላት። አንድ ቀን ጋሽ አሥራት ክንዴን የሚያህል አምባዛ ጎትተው አወጡባት። የእኔዋ ብትሆን ጥርሷ ይራገፍ ነበር። ችግሩ ጋሽ አሥራት ይህን ብቻ ተመስገን ብለው አይቀበሉም። ቀላሉን በመወርወርም እበልጣለሁ ባይ ናቸው። ክሩ በተተበተበ ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ግማሽ ሰዓት እየፈቱ አንድ ቃል ይላሉ። «ነፋስ ነው።»

ነፋስ ይኑር አይኑር አልከራከርም ነበር። እስቃለሁ። እሳቸውም ይስቃሉ። ዓርብ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በጅማ መንገድ በሚያልፍ መኪና ጎጀብ ድልድይ እንወርዳለን፤ ሲመሽ ሁለት ቢልጫ ይዘን እንመለሳለን። ደስተኛ ነበርኩ። ያኔ ግን ደስታ መሆኑን አላወቅኩም።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ያላየ ካለ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው ይነሣና የባልደረባውን ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን ይናገራል። ተገምጋሚው በመጨረሻ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይላል። ደካማ ጎን የለበትም ማለት አይቻልም፤ መደባበቅ ይባላል፤ እሱም ራሱ ደካማ ጎን ነው። ሰው ግን ብልሃት አያጣም። ከግምገማው በፊት ሻይ ቤት ተገናኝተን፣ የማትጎዳ ደካማ ጎን እንከፋፈል ነበር። «አንተ ይሉኝታ ታበዛለህ እለሃለሁ፤ አንተ ሥራ ላይ ራስህን ትጎዳለህ በለኝ።» እንዲህ እያልን ስንት ዓመት በሰላም ተገማግመናል!

ያን ዓመት ለጋሽ አሥራት የያዝኩላቸው «ቶሎ ይቆጣሉ» የሚለውን ነበር። ራሳቸው ናቸው የመረጡት። ታዲያ ከእኔ በፊት ተራ የደረሰው ባልደረባ ተነሥቶ «ጋሽ አሥራት ቶሎ ይቆጣሉ» ብሎ ቁጭ አለ። ሀሳቤን ወሰደብኝ። ተራዬ ደረሰ። እኔም የእሱኑ ብደግም ሰብሳቢው የተባለ አይደገም፣ አዲስ ሀሳብ አምጣ አሉኝ። አስራ ሁለት ሰው ያየኛል። ምን ልበል? ሰውየው ደካማ ጎን አላቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ብቻ ነበር ወደ ጭንቅላቴ የመጣው።

«ጋሽ አሥራት» አልኩ፣ «ለቀላል ነገር የማይሆን መዘውር ይዘው ጎጀብ እየሄዱ፣ ክር ሲፈቱ ጊዜ ያባክናሉ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። በየትኛው ቀን ነው የሚሄዱት ብለው ጠየቁኝ። ሳላስበው ዓርብ ከሰዓት አልኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፈራሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ ያልወጣው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ጋሽ አሥራት ተነሡ። አዩኝ። «ተቀብያለሁ» አሉና ተቀመጡ።

በወሩ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ቢታ ገነት ተዛወሩ። እቃቸው ሲጫን ለመሸኘት ብሄድ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገመድ ያጠብቃሉ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። በሰው ሰላምታ ላክሁ፤ «ደርሷል» ብቻ ተባልኩ። ዘንጌን ሰቀልኩ። ፊት ለፊቴ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ሸሚዜ ቆሸሸ አልቆሸሸ ግድ የሌለው። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ የጋሽ አሥራት ቀኝ እጅ መድከሙን ሰማሁ። ድንገት አንድ ጠዋት ሲነሡ አልታዘዝ አላቸው አሉ። በዚያው ሳምንት ተነሣሁ። ዘንጌን ከሰቀልኩበት አወረድኩ፣ የማንኪራ ማር ገዛሁ። ሺሺንዳ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ስጠብቅ አንዲት ነጋዴ ማሩን ወዴት እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ቢታ ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ ቢታ ማር መውሰድ ለጎጀብ ውሃ መቅዳት ነው! እኔ ግን ባዶ እጄን ይቅርታ መጠየቅ አፈርኩ።

የጋሽ አሥራት ባለቤት እትዬ ሙሉ በር ላይ ሲያዩኝ እንባቸው መጣ። ጋሽ አሥራት ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ ዘንጌን ብቻ አዩ። እኔ እየተንተባተብኩ ጀመርኩ። በእኔ አፍ ነው ከቦንጋ የወጡት፣ አብሬ እየሄድኩ አብሬ እሄዳለሁ አላልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ዓርብ መሄዴ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ተቀብያለሁ ብያለሁ። ደግሞም አንተም ብታብር ሁለታችንም ነበርን የምንዛወረው፤ ምን ይጠቅማል? መዘውሩን ግን አልተቀበልኩም።»

ግራ ገባኝ። «የቱን መዘውር?»

«ለቀላል ነገር አይሆንም ብለሃል። በአስራ ሁለት ሰው ፊት! እኔ የተቀበልኩት አንዱን ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለቱንም ተቀብለዋል ተብሎ ተጻፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመንግሥት ፋይል ውስጥ የእኔ መዘውር ቀላል ነገር አይወረውርም እየተባለ ተቀምጧል።»

ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። እኔ ስድስት ዓመት ስለ ዝውውሩ ስጸጸት፣ ሰውየው የቆሰሉት ሌላ ቦታ ነበር። ይቅርታዬ ራሱ ስቶ ነው የተወረወረው።

«ሙሉ፣ ደብተር አምጪ» አሏቸው ባለቤታቸውን። «እንወረውርና ይታረማል።»

ከቤታቸው በታች ወዳለው ወንዝ ሦስታችንም ወረድን። ክቧን መዘውር ከነዘንጓ እትዬ ሙሉ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙ። ስትገለጥ እንደ ድሮው ታብረቀርቃለች፤ ይወለውሏታል ማለት ነው። መጀመሪያ አንተ ወርውር ተባልኩ። ሆን ብዬ ላበላሽ አሰብኩ። ግን ያውቁብኛል፤ አውቀውብኝ ደግሞ ሌላ ስድስት ዓመት! ወረወርኩ። የፕላስቲኳ አሳ ከወዲያ ማዶ ቄጤማው ሥር ጠብ አለች።

ጋሽ አሥራት ዘንጋቸውን ያዙ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ከበሮው ላይ ለመቀመጥ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በግራ እጃቸው አንሥተው አስቀመጡት። እትዬ ሙሉ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ባዞር ደስ ባለኝ። ወረወሩ። አሳዋ ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ ወደቀች፤ ከበሮው ግን መሽከርከሩን ቀጠለ፤ ክሩ ተነፋ፣ ተመለሰ፣ ተተበተበ።

መዘውሯን ከእጃቸው ተቀብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መፍታት ጀመርኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ድሮ እሳቸው ሲፈቱ እኔ እስቅ ነበር። አሁን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ክሩ አልታይ አለኝ። ናፍቀውኝ ነበር። ይህን ክር ራሱ ናፍቄው ነበር።

ፈትቼ ስጨርስ ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት።

«ጻፍ» አሉኝ። «ቃለ ጉባኤ።»

«ምን ልበል፣ ጋሽ አሥራት?»

«ነፋስ ነበር በል።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከግራም ከቀኝም ጫካ ነው። አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም። ውሃው ላይ የእኛ ጥላ እንኳ ሳይሰበር ተኝቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ነው ያሳደጉን። ይጥራ። እኔ ግን እኚህን ሰው ያጣኋቸው ቅንጣት ውሸት የሌለባት ሂስ ሰጥቼ ነው።

«ነፋስ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እትዬ ሙሉም ምስክር ሆነው ፈረሙ። ጋሽ አሥራት መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡት። ከዚያ ሸሚዜን አዩ፣ ኮሌታው መቆሸሹን ነገሩኝ፣ ደብተሩንም መለሱልኝ።

«ኃይለኛ የሚለው ቀርቷል» አሉ።

ጨመርኩበት።