አምስተኛው ጉርድ ፎቶ

ጸጥታ የሚባለውን ነገር እናንተ የት ታገኙታላችሁ? እኔ ያደግኩት መካኒሳ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል፣ እኛ ሰባት ነን፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሬዲዮአቸው ከተበላሸ ወዲህ የሚያወሩት በሬዲዮው ድምፅ ልክ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ኬሚስትሪ ማጥናት አይቻልም። ስለዚህ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ታቅፎ ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሄዳል፤ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ቦታ ካጣ ደግሞ መቃብር ላይ። አዎ፣ መቃብር ላይ። ምን ያስደንቃችኋል? ሙታን ውጤት አይጠይቁም፤ «የእገሌ ልጅ እኮ የት ደረሰ» አይሉም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የግል መድኃኒት ቤት በየመንገዱ ዳር ብቅ ብቅ ሲል፣ የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ማየት አማራት። እናቴም ከነሱ አንዷ ነበረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ከሷ ይበልጥ ፈልጌው ነበር። ማትሪክ ባልወድቅም ውጤቴ የሚያኮራ አልነበረም፤ የቀረኝ በር በራሱ መግቢያ ፈተና የሚቀበል አንድ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። እሱ ካመለጠኝ የአጎቴ ጋራዥ ይጠብቀኛል፤ አጎቴ ደግሞ ሲናደድ መፍቻ የሚወረውር ሰው ነው።

የኔ ቦታ የመስፍን መቃብር ነበር። መስፍን በሃያ ዓመቱ የሞተ ልጅ ነው፤ ፎቶው ሐውልቱ ላይ በመስታወት ተከድኖ ፊት ለፊት ያያል። መጀመሪያ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የማጠናው፤ ግን ማጅራቴን ይበርደኛል። ዞሬ ተቀመጥኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀመር ጮክ ብዬ ስል ተሳሳትኩና ቀና ብዬ አየሁት። ፈገግ ብሏል። ከዚያ በፊትስ ፈገግ ብሎ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልምልም።

እናቱ እትዬ አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ልጃቸው ላይ መቀመጤን አይተው ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ምን እንደማጠና ጠየቁኝ። ፋርማሲ አልኳቸው።

«መስፍንም እሱን ነበር የሚለው» አሉ። «ፎርሙን ሞልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ ሊያስገባ ሲል ታመመብኝ።» ከመሐረባቸው ቋጠሮ አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጡ፤ ጀርባዋ ላይ መስፍን በእጁ ቀን ጽፎባታል፣ ሰባቱን ወገቡ ላይ ሰርዞ። «ስታመለክት ይዘህልኝ ግባ፣ ልጄ። ደጁን እንኳ ይርገጠው።»

እንቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ተቀበልኳቸው።

ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን አራት ጉርድ ፎቶዬን በፖስታ ይዤ ተሰለፍኩ። የመስፍንንም ኪሴ ውስጥ እንዳትታጠፍ ብዬ እዚያው ፖስታ ውስጥ ከተትኳት። እንግዲህ ሞኝነቴን እዩልኝ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል አራት አነሳች፣ ከፎርሙ ጋር ሰፋቻቸው፣ «አንድ ተርፎሃል» ብላ አምስተኛውን መለሰችልኝ።

ታክሲ ውስጥ ነው ያየሁት። የተረፍኩት እኔ ነኝ።

ተመልሼ ስሮጥ መስኮቱ ተዘግቷል። በነጋታው ሄጄ እንዳልናገር፣ የፎርሙ የመጨረሻ መስመር «ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ይሰረዛል» ይላል። የሞተ ሰው ፎቶ እውነተኛ ማስረጃ ነው ብሎ የሚከራከርልኝ ማን ነው? ሦስቱ የኔ፣ አንዱ የሱ፤ በፈተና መግቢያ ካርዱ ላይ የሚለጠፈው ከሦስቱ አንዱ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ካርዱን ስቀበል መስፍን ያየኛል፤ ግንባሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎበታል።

የፈተናው ቀን ካርዱን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ፈታኙ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

«ከስተሃል» አለኝ። «ጥናት ነው አይደል?»

«ጥናት ነው» አልኩት።

በአገራችን ፎቶ የሚጠየቀው ፊት ለማየት እንዳይመስላችሁ። ፎቶ መኖሩን ለማየት ነው። ይህን በማወቄ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔ ባልኖር ማንም የሚያውቅ አልነበረማ። ፈተናው ላይ ደግሞ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይጽፋል። ወረቀቱን ላስረክብ ስል ልብ ብዬ አየሁት፤ ሰባት ቁጥሮቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ሰረዝ አለባቸው። እኔ ሰባትን እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። ድካም ነው ብዬ አስረክቤ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ አለ። እናቴ እልል ስትል እኔ ካርዱን ደብተሬ ውስጥ ደበቅኩት። ቅዳሜ ዕለት እትዬ አስካለን መቃብሩ ጋ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶው እንደተቀላቀለ፣ እንዳለፍኩ፣ ሰኞ ሬጅስትራር ሄጄ እውነቱን ተናግሬ በራሴ ፎቶ ልለውጠው እንደወሰንኩ። ቢሰርዙኝም ይሰርዙኝ አልኳቸው።

ካርዱን ከእጄ ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አሁን ከገባ በኋላ ልታስወጣው?» አሉኝ።

ካርዱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን እንባቸውን ጠርገው፣ ልጇ ነገ ትምህርት እንደሚጀምርላት እናት ቀልጠፍ አሉ።

«ለመሆኑ መቼ ነው የሚጀምረው? ምን ምን ያስፈልገዋል?»

እኔ ነኝ የገባሁት ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት።

«ነጭ ጋዋን ያስፈልገዋል» አልኳቸው።