ሐኪሙ አደራ ያለኝ ድንጋይ

«እማ፣ ድንጋይ ሲሞት ይቀበራል?» አለችኝ ልጄ ዘነቡ አንድ ቀን።

ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል፤ ልጅ የሚጠይቀው ሁሌም እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን «ሂጂ ወዲያ» ብዬ እሸኛት ነበር። የዚያን ቀን ግን ቢላዋውን አስቀምጬ ማሰብ ያዝሁ። ምክንያቱም ድንጋዩ እውነትም ሞቶ ነበር። ገዳዩ ደግሞ የግቢያችን ዘበኛ አያ ውቤ ነው።

ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ?

በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቤት ወጥ ቤት ነበርሁ። ከዚያው ግቢ ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት ከልጄ ጋር እኖራለሁ። የልጄ አባት ከሳንጃ ሰሊጥ እያመጣ ስለሚነግድ የዓመቱ እኩሌታ መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ ሸጋ ሰው ነው፤ አይቆጣም፣ አይሰክርም። አመሉ አንዲት ናት፤ ዓሣ ይወዳል። መብላት እንዳይመስላችሁ። ማየት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ሣጥን አለ፤ የባሕር ውሃ ሞልቶ ቀይና ቢጫ ዓሣ ለቆበት፣ ከሥራ ሲመለስ ወንበር ስቦ ያያቸዋል። ቤቱን በያዝሁ ሰሞን «ጌታዬ፣ እነዚህ ለመቼ ነው የሚጠበሱት?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሦቹ አፌን ዘጋሁ።

ችግሩ ዓሦቹ ይሞቱበታል። ውሃው ይበላሽና ጧት ሲነሣ አንዱ ሆዱን ሰጥቶ ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ኋላ አንድ ባልንጀራው መላ ነገረው። ከባሕር ውስጥ ሕይወት ያለበትን ድንጋይ አውጥተህ ብታስገባ፣ ድንጋዩ ራሱ ውሃውን ያጠራልሃል አለው። እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ? እሱ አመነ። በገና ሰሞን ማኪናውን አስነሥቶ በዛሪማ አድርጎ ምጽዋ ወረደ። ሲመለስ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ድንጋዮችና በበርሜል የባሕር ውሃ ጭኖ መጣ።

አያ ውቤ ጆንያውን ሲያወርድ፣ «ጌታዬ፣ ምነው ደከሙ? ከአንገረብ ወንዝ በአህያ አመጣልዎ አልነበር?» አለው።

ሐኪሙ አልተቀየመም። አንዱን አንሥቶ አሳቀፈኝ። እኛ አገር ድንጋይ ሲመረጥ ከባዱ ነው፤ ለግንብም፣ ለወፍጮም። የሱ ምርጫ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ቀላሉን፣ እንደ ሸጋ እንጀራ ዓይን ያወጣውን ነው የሚፈልገው። ሕይወቱ የሚኖረው በቀዳዳው ነው፤ ድፍን ድንጋይ ግን ድንጋይ ብቻ ነው አለኝ። ጠጋ ብዬ ባይ፣ ከአንዷ ቀዳዳ ጥፍር የምታህል ሸርጣን እጇን ብቅ አደረገች። አየችኝና ተመልሳ ገባች። እኔ አማተብሁ፣ እሱ ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ፣ ወደ ሳንጃ በኩል ወባ ገብቷልና ሂድ ተባለ። ድንጋዩ ደግሞ ለሣጥኑ ገና አልደረሰም። ለካ ከመንገድ የመጣ ድንጋይ በቀጥታ ከዓሦቹ ጋር አይገባም። ለብቻው በገንዳ ይቀመጣል። በመንገድ የሞተበት ነገር ስለሚበሰብስ፣ እሱን በብሩሽ እያነሡ፣ የባሕር ውሃውን እየለወጡ መጠበቅ ነው። ለዚሁ ሥራ አሮጌ የጥርስ ብሩሹን ሰጠኝ። ጨው የሌለበት ውሃ ይገድለዋልና የቧንቧ ውሃ እንዳታስነኪው አለኝ። መድረሱን በምን አውቃለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ክፉው ሽታ ሲጠፋና ባሕር ባሕር ሲሸት ነው አለ። ከዚያ ማኪናው ውስጥ ገብቶ በመስኮት «አደራ» አለኝ፤ በአማርኛ። ያቺን ቃል ማን እንዳስተማረው እንጃ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ተቀበልሁ።

ባሕር ምን እንደሚሸት ግን በምን አውቄ? ጣናን እንኳ ከሩቅ ነው ያየሁት። አያ ውቤ ወታደር ሳለ ምጽዋን አይቷልና እሱን ጠየቅሁት። «ላብ ላብ ይሸታል» አለኝ።

ይኸው አያ ውቤ ነው ያዘነልኝ። እኔ ገበያ ውዬ ስመለስ፣ አንዱን ድንጋይ ከገንዳው አውጥቶ እንደ ድስት በአመድና በቧንቧ ውሃ ፈትጎ፣ አንጥቶ ጠበቀኝ። ደስ ብሎታል። «እንዲህ ነው ማጠብ፤ አንቺ በጥርስ ብሩሽ ስትዳብሺው ልትከርሚ ነው» አለኝ። ከየቀዳዳው የወጣው ትል እንደ ክር ተዝለፍልፎ መሬት ላይ ወድቋል። ሸርጣኗም እግሯን ሰብስባ ቀርታለች። ዘነቡ ይቀበራል ወይ ያለችኝ ይህን አይታ ነው። እኔ መልስ ሳስብ፣ እሷ ወጥታ ጎረቤት ጠየቀች።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። ልጄ ያለችው «እናቴ የድንጋይ ጥርስ ትቦርሻለች፤ አንዱ ሞተብን» ነው። ወሬው ከአጥራችን ወዲያ ሲሻገር ድንጋዩ ጥርስ አወጣ። ቧንቧው ዘንድ ሲደርስ ይበላል ተባለ። ገበያ ሲደርስ ምን እንደሚበላም ታወቀ። በዚያ ላይ ደግሞ ሽታው አለ። የዚያ ገንዳ ሽታ፣ ይቅር በሉኝና፣ ላልተባለው ወሬ ሁሉ ምስክር የሚቆም ሽታ ነው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ ባለፍሁ። ጥር ማርያም ግን ደርሳለች። ዘነቡን ኩፍኝ ይዟት ተስፋ በቆረጥሁ ጊዜ፣ «ከተረፈችልኝ ጽዋሽን በቤቴ አነሣለሁ» ብዬ ለማርያም ተስያለሁ። ማኅበር ገብቼ ተራ ስጠብቅ ኖሬ፣ ያን ዓመት ደረሰኝ። በኛ ማኅበር ጽዋው በበዓሉ ጧት በከበሮ ወደ ተረኛዋ ቤት ይመጣል። ጠላው ተጠምቋል፣ ጌሾው ገብቷል። ያልተዘጋጀ ነገር ቢኖር ድንጋዩ ነው።

የማኅበራችን አለቃ እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ባፍንጫቸው ላይ አድርገው መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው እትዬ።»

«ድንጋይ ይገማል?»

«በውስጡ የሞተ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የሞተው?»

እሱን እኔም አላውቀውም። መልስ በሰጠሁ ቁጥር ጉድጓዴን ስቆፍር ዋልሁ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩኝ። «ማርያምና ጣዖት ባንድ ግቢ አይውሉም። ወይ ድንጋዩ ይጣላል፣ ወይ ጽዋው ያልፍሻል።»

ብጥለው አደራ በላሁ። ባልጥለው ስለቴን በላሁ። የቱ ይሻላል? ስለት የተሳልሁባት ልጅ ደጅ ላይ ትዘላለች። «ነፍስ አባቴ ይምጡና ይዩት፤ እሳቸው ያሉት ይሁን» አልኋቸው።

በዋዜማው ቀትር ላይ አባ መጡ። ከኋላቸው እትዬ ጥሩነሽና ማኅበርተኞቹ። አባ እጃቸው ላይ ጠርሙስ ይዘዋል፤ የጥምቀት ጠበል ነው። ይህን አላሰብሁትም ነበር።

አባ ገንዳውን አዩ፣ አሸተቱ። «ቀላል ነው ልጄ፤ ጠበል እንረጭበታለን። ክፉ ከሆነ ይለቃል፣ ድንጋይ ከሆነም ድንጋይ ነው» አሉ። ሁሉም እፎይ አለ፤ ከኔ በቀር።

እስቲ በኔ ቦታ ቁሙ። ጠበል ጨው የለውም። ከነካው ትሉም ሸርጣኑም ከየቀዳዳው እየተግተለተለ ወጥቶ፣ ተንፈራግጦ ሊሞት ነው። ይህንም ሰው ሁሉ ቆሞ ሊያየው ነው። ጠበል ሲነካው የሚንፈራገጥ ነገር ደግሞ ስሙ ምንድን ነው? ሁሉም ያውቀዋል። ይተዉት እንዳልል ምን ብዬ? «አባ፣ ጠበል ይገድለዋል» ልበል? ይህ ቃል ካፌ ከወጣ ጽዋው ብቻ ሳይሆን ክርስትናዬም ያጠራጥራል። አያ ውቤ ነገሩን ያውቃልና ባይኔ ለመንሁት። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

አባ ጠርሙሱን ከፈቱ። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም፤ በሳቸውና በገንዳው መካከል ቆምሁ።

«ምነው ልጄ?»

«አባ፣ ሲዳስሰው የሰነበተው የኔ እጅ ነው። ክፉ ነገር ካለበት ይሄኔ ወደኔ አልፏል። መጀመሪያ እኔን።»

«እውነቷን ነው» አለ አያ ውቤ አሁን ገና አፉን ከፍቶ። «ከድንጋዩ ጋር ስታወራም ሰምቻታለሁ።» ይህችን ባይጨምር ምን ነበረበት?

ነጠላዬን አወረድሁ። አባ ሥራቸውን አያቃልሉም፤ ከራሴ ጀመሩ። የጎንደር ጥር ነው፣ ውሃውም ከድንጋይ ቤት የወጣ ነው። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ተክለውብኛል፤ ብንቀጠቀጥ «ይኸው፣ ያዛት» ሊሉ። ጥርሴን ነከስሁ። ውሃው በጀርባዬ ወርዶ ወገቤ ደረሰ። ውስጤ እየራደ ላዬ እንደ ግንብ ቆመ። በልቤ ማርያምን የለመንኋት አንድ ነገር ነው፤ ጠርሙሱ እንዲያልቅ። ጠበል እንዲያልቅለት የጸለየ ክርስቲያን ከኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

አለቀ። አባ ጠርሙሱን ገልብጠው አራገፉት። «አልጮኸች፣ አልወደቀች። ንጽሕት ናት» አሉ።

«ድንጋዩስ አባ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

አባ ጎንበስ ብለው ገንዳውን አዩ። ከድንጋዩ ጫፍ አበባ የመሰለች ነገር ተከፍታ ኖሮ፣ ጥላቸው ሲያርፍባት ተከደነች። ፈቀቅ ሲሉ ተከፈተች። «የፈጣሪ እጅ ያልደረሰበት የለም» አሉ አባ ለራሳቸው። ከዚያም ለሁሉም እንዲሰማ፣ «በሷ ላይ ካልተገኘ በድንጋዩም የለም። ጽዋው ይምጣላት» አሉ።

ሲወጡ ቤት ገባሁና እሳት ዳር ተቀምጬ እስኪበቃኝ ተንቀጠቀጥሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ምክር ይወጣው ነበር። የታገሠ፣ አደራውን የጠበቀ፣ ከሰው አፍ ይድናል የሚል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ዳቦዬን ጋገርሁ።

በማግስቱ ጧት በሬን ስከፍት ደጁ በሰው ተሞልቷል። ቅል የያዘ አለ፣ ጠርሙስ የያዘ አለ። ከፊት እትዬ ጥሩነሽ ጉልበታቸውን ደግፈው ቆመዋል።

«ትንሽ ቅጂልኝ ልጄ። ይህ ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል።»

«ምን ልቅዳልዎ?»

«የድንጋዩን ውሃ ነዋ። ለአባ አብቦላቸው የለ?»

«እትዬ፣ ጨው ነው። ይገማል።»

«መድኃኒት መች ይጣፍጣል?» አለች ከኋላ ያለችው። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «ትናንት ስንጸየፈው ሸሸግሽው፣ ዛሬ ስንፈልገው ነፈግሽን። ምነው፣ ማርያም ላንቺ ብቻ ናት?» አለችኝ።

በርሜሉ ተሟጧል። ገንዳው ውስጥ ያለው የመጨረሻው የባሕር ውሃ ነው። ሰው ሁሉ አንዳንድ ቅል ቢቀዳ፣ ጠበል ያልገደለውን ድንጋይ እምነት ሊገድለው ነው።

ሳንቃ አመጣሁና ገንዳውን ከደንሁት። ላዩ ላይ ተቀመጥሁ። ወዲያው ከበሮው ተሰማ፤ ጽዋው መጣ። ጽዋ የሚቀበሉት ቆመው ነው፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን ብነሣ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ማርያምን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጽዋዬን ተቀበልሁ።